በካንየን ምድር የተቀረጹ ፊልሞች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዩታና አሪዞና የሚዋሰኑበት ቀይ ምድር በፊልም ውስጥ ያልሆነው ነገር የለም። ቴክሳስ ሆኗል፣ የሞንጎሎች አገር ሆኗል፣ ኢየሩሳሌም ሆኗል፣ ማርስም ሆኗል። ራሱን ሆኖ የቀረበበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። ከታች ያሉት ስለእነዚህ ፊልሞች በተነሳ ቁጥር የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የአንዳንዶቹን ፊልሞች መጨረሻ ሳልደብቅ ስለምናገር ያላያችሁ ተጠንቀቁ።

«የካንየን ምድር» የሚባለው በትክክል የትኛው ነው?

የኮሎራዶ ፕላቶ የሚባለው ከፍተኛ ምድር ነው። ስፋቱ ወደ 337,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ዩታን፣ አሪዞናን፣ ኮሎራዶንና ኒው ሜክሲኮን ይነካል። የኮሎራዶ ወንዝና ገባሮቹ ይህን ምድር እንደ ቢላዋ እየሰነጠቁት ነው የሚያልፉት። ትልቁ ስንጥቅ ግራንድ ካንየን ነው፤ ርዝመቱ 446 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱም ከ1,800 ሜትር በላይ ይደርሳል። ቅላቱ የመጣው በአሸዋ ድንጋዩ ውስጥ ካለው ብረት ነው፤ ድንጋዩ ዝጓል ማለት ይቻላል።

በፊልም ከሁሉ በላይ የታየው ሞኑመንት ቫሊ ግን በስሙ «ሸለቆ» ይባል እንጂ ሸለቆ አይደለም። ነፋስና ውሃ ዙሪያውን ጠርገው ከወሰዱት በኋላ አንዳንዶቹ እስከ 300 ሜትር የሚደርሱ ድንጋዮች ለብቻቸው የቀሩበት ሜዳ ነው። አምባ የሚለው ቃላችን እንግሊዝኛው በሁለት ሦስት ስም የሚጠራቸውን እነዚህን ድንጋዮች በአንድ ጊዜ ይገልጻቸዋል፤ ከዚህ በኋላም እሱን እጠቀማለሁ።

በዚያ የተቀረጸው የመጀመሪያ ፊልም የትኛው ነው?

«የመጀመሪያ» ለሚለው ቃል ብዙ ባላንጣ ስላለው አልከራከርበትም። ለእኔ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ማን ነው ካሜራውን ነፍሱን አስይዞ ይዞት የገባው የሚለው ነው፤ መልሱም ኤልስዎርዝና ኤመሪ ኮልብ ነው። እነዚህ ወንድማማቾች በግራንድ ካንየን ደቡባዊ አፋፍ ላይ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ሥራቸው በበቅሎ ወደ ገደሉ የሚወርዱትን ጎብኚዎች ፎቶ አንስቶ ሲመለሱ መሸጥ ነበር። ችግሩ አፋፉ ላይ ፊልም የሚያጥቡበት ንጹህ ውሃ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ኤመሪ ፎቶውን ካነሳ በኋላ ገደሉን ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ እየሮጠ ወርዶ፣ ምንጭ ባለበት ቦታ አጥቦና አትሞ፣ በቅሎዎቹ ሳይደርሱ ሮጦ ይወጣ ነበር። ይህንንም ለዓመታት አድርጎታል።

ሁለቱ ወንድማማቾች በ1911 መስከረም ከዋዮሚንግ በጀልባ ተነስተው የኮሎራዶን ወንዝ በተንቀሳቃሽ ምስል እየቀረጹ ወረዱ፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኒድልስ ከተማ የደረሱት በ1912 ጥር ነው። ፊልሙ ከ1915 ጀምሮ እዚያው አፋፉ ላይ ባለው ቤታቸው ይታይ ነበር፤ ኤመሪም በ1976 እስኪሞት ድረስ ማሳየቱን አላቋረጠም። ከስድሳ ዓመት በላይ በአንድ ቤት የታየ ሌላ ፊልም ካለ ንገሩኝ። እንግዲህ ገና ከመነሻው ይህ ምድር ራሱን ሆኖ የታየበት ፊልም ነበረ ማለት ነው። ማስመሰሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሞኑመንት ቫሊ እንዴት የካውቦይ ፊልም መለያ ሆነ?

ሃሪ ጎልዲንግ የሚባል በግ አርቢ በ1920ዎቹ ከሚስቱ ጋር ወደዚያ መጥቶ የአካባቢው ነባር ሕዝብ ከሆኑት ናቫሆዎች ጋር የሚነግድበት ሱቅ ከፈተ። ከዚያ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መጣና ሁሉም ነገር ደረቀ፤ ናቫሆዎቹ ተራቡ፣ ሱቁም ከሰረ። በ1938 ጎልዲንግ የአካባቢውን ትልልቅ ፎቶግራፎች ይዞ ወደ ሆሊውድ ሄደ። እንደሚተረከው አንድ የፊልም ኩባንያ ቢሮ ገብቶ፣ ቀጠሮ የለህም ሲባል «እስኪያነጋግሩኝ እዚሁ አድራለሁ» ብሎ መኝታውን ዘረጋ። ፎቶግራፎቹ በመጨረሻ ዳይሬክተሩ ጆን ፎርድ እጅ ገቡ። በ1939 ለእይታ የበቃው «ስቴጅኮች» ከዚያ የተወለደ ነው።

ታሪኩ ያምራል፤ ይሁንና ቦታውን ያገኘሁት እኔ ነኝ የሚሉ ሌሎችም ነበሩ። ሞኑመንት ቫሊ ከዚያ በፊትም፣ በ1925 በወጣ ድምፅ አልባ ፊልም ውስጥ ታይቷል። «ስቴጅኮች» ራሱ አብዛኛው የተቀረጸው ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። ግን አንዲት ሰረገላ በእነዚያ አምባዎች ሥር እንደ ጉንዳን ስትሳብ የሚታይበት ጥቂት ደቂቃ ለቀጣዩ ሃምሳ ዓመት በቃ። ፎርድ ከዚያ በኋላ እየደጋገመ ተመለሰ፦ በ1946፣ በ1948፣ በ1949፣ በ1956፣ በ1964። በ1949 የሠራው «ሺ ዎር ኤ የሎው ሪበን» የቀለም ቀረጻ ኦስካርን ለካሜራ ባለሙያው ዊንተን ሆክ አስገኝቶለታል፤ መብረቁ የሚጥልበትን ትዕይንት ያየ ለምን እንደተሸለመ አይጠይቅም።

ታሪኩ ቴክሳስ ነው እየተባለ ለምን ዩታና አሪዞና ይቀረጻል?

ቴክሳስ በአብዛኛው ሜዳ ስለሆነች ነው ብሎ መገላገል ይቻላል። እውነተኛው ምክንያት ግን ፎርድ ካርታ የሚያነብ ሰው አለመሆኑ ነው። በ1946ቱ «ማይ ዳርሊንግ ክሌመንታይን» ታሪኩ የሚፈጸመው ቱምስቶን ከተማ ነው፤ ቱምስቶን ደግሞ በአሪዞና ደቡባዊ ጫፍ፣ ከሜክሲኮ ድንበር አጠገብ ናት። ሞኑመንት ቫሊ ያለው በሰሜናዊው ጫፍ ነው። በፊልሙ ግን ከከተማዋ ዋና መንገድ ባሻገር አምባዎቹ ቆመው ይታያሉ።

የ1956ቱ «ዘ ሰርቸርስ» የበለጠ ይገርማል። ሁለት ሰዎች የተጠለፈች ልጅ ፍለጋ ዓመታት ይንከራተታሉ፤ በረዶ ይወርዳል፣ ይቀልጣል፣ እነሱ ግን ዞረው ዞረው እዚያው ድንጋይ ሥር ናቸው። ይህን ስህተት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ከሁለቱ አንደኛው ሰው ለጠላፊዎቹ ያለው ጥላቻ የትም እንዳላደረሰው የሚያሳይ ሆኖ ይሰማኛል፤ ፎርድ አስቦበት ይሁን ሳያስብበት ለውጥ የለውም።

ሌላው የሚያብከነክነኝ ነገር በፊልሙ መክፈቻ ላይ የሚነበበው «ቴክሳስ 1868» የሚል ጽሑፍ ነው። ካሜራው በቆመበት በዚያ መሬት ላይ 1868 ሌላ ትርጉም ነበረው። ናቫሆዎች በ1864 በጦር ኃይል ከአገራቸው ተነቅለው፣ በእግራቸው ተነድተው ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ተግዘው ነበር። በረሃብና በበሽታ ብዙ ሰው ካለቀባቸው በኋላ ወደ ቀያቸው እንዲመለሱ የተፈቀደላቸው ሰኔ 1 ቀን 1868 በተፈረመ ውል ነው። በዚያው ዓመት፣ በዚያው መሬት የተፈጸመው ትልቅ ታሪክ ይህ ነበር። ፊልሙ ግን እዚያው ቆሞ የሌላ አገር ታሪክ ያወራል።

ናቫሆዎችስ በፊልሞቹ ውስጥ ምን ድርሻ ነበራቸው?

ጉልበቱ የእነሱ ነው። ፈረስ ጋልበዋል፣ መንገድ ጠርገዋል፣ ዕቃ ተሸክመዋል፤ በችግር ዘመን ክፍያው ቀላል አልነበረም። በስክሪኑ ላይ ግን እንደ ናቫሆ የታዩበት ጊዜ ኢምንት ነው። አንዴ አፓቺ፣ አንዴ ኮማንቺ፣ አንዴ ሸያን ይሆናሉ።

በ1964ቱ «ሸያን ኦተም» የሸያን ተዋጊ ሆነው ሲቀርቡ የተናገሩት በራሳቸው ቋንቋ ነበር። ቋንቋውን ከእነሱ በቀር በቀረጻው ቦታ የሚሰማ ስላልነበረ፣ በከባዱ የድርድር ትዕይንት ላይ ቀልድና ስድብ ይናገሩ እንደነበር ይነገራል። ፊልሙ በኋላ በናቫሆ መንደሮች ሲታይ፣ ሌላው ተመልካች በሚያዝንበት ቦታ አዳራሹ በሳቅ ይፈነዳ ነበር አሉ። ይህን ታሪክ ስሰማ ከፊልሙ ይልቅ የዚያን አዳራሽ ሳቅ ብቀርጸው እመርጥ ነበር።

በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ሞኑመንት ቫሊ ከ1958 ጀምሮ የናቫሆ ብሔር የሚያስተዳድረው ፓርክ ነው፤ የሚቀርጽም ከእነሱ ፈቃድ ይጠይቃል። ካንየን ደ ሼ የሚባለው ደግሞ በ1931 በብሔራዊ ቅርስነት ቢከለልም መሬቱ የናቫሆዎች እንደሆነ ነው፤ ዛሬም ከገደሎቹ ሥር የሚያርሱ ቤተሰቦች አሉ። በ1969 የወጣው «ማኬናስ ጎልድ» ከገደሉ ወለል ብቻዋን ወደ ላይ የተመዘዘችውን የሸረሪት ዓለት ወርቅ የሚጠቁም ጥላ እንድትጥል አድርጓታል። ለናቫሆዎች ግን ሽመናን ያስተማረቻቸው የሸረሪት ሴት መኖሪያ ናት፤ ይህ ከወርቁ የተሻለ ታሪክ ይመስለኛል።

«ቴልማ ኤንድ ሉዊስ» መጨረሻ ላይ መኪናዋ የምትገባው ግራንድ ካንየን ውስጥ ነው?

አይደለም። በታሪኩ ውስጥ ግራንድ ካንየን እንደሆነ ይነገራል፤ የተቀረጸው ግን ዩታ ውስጥ፣ ሞአብ ከተማ አጠገብ፣ ዴድ ሆርስ ፖይንት ከሚባለው አፋፍ በታች ነው። ከሥር የሚፈሰው ወንዝ ያው ኮሎራዶ ስለሆነ ውሸቱ ግማሽ ውሸት ነው። ሪድሊ ስኮት ፊልሙን በ1991 ሲያወጣ ድርሰቱ ለካሊ ኩሪ ኦስካር አስገኘላት። ቦታው ዛሬ በሁለቱ ሴቶች ስም ይጠራል።

«127 ሰዓታት» እውነተኛ ታሪክ ነው? ምን ያህሉስ ተጨምሮበታል?

እውነተኛ ነው፤ የሚያስገርም ያህል ትንሽ ብቻ ነው የተጨመረበት። አሮን ራልስተን ሚያዝያ 26 ቀን 2003 ብቻውን ወደ ብሉ ጆን ካንየን ገባ። ይህ ካንየን ያለው እነ ቡች ካሲዲ ይሸሸጉበት በነበረው የሽፍቶች ምድር ነው፤ ሰው እንዳይገኝ ተብሎ የተመረጠ ምድር ማለት ነው። ወዴት እንደሚሄድ ለማንም አልተናገረም። በጠባቡ ስንጥቅ ውስጥ ሲወርድ 360 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ድንጋይ ተንከባልሎ ቀኝ እጁን ከግድግዳው ጋር ጠረቀመው። ውሃው አለቀ፣ ሽንቱን ጠጣ፣ በያዛት ቪዲዮ ካሜራ ቤተሰቡን ተሰናበተ፣ ስሙንና ይሞትበታል ብሎ የገመተውን ቀን በድንጋዩ ላይ ቀረጸ። በስድስተኛው ቀን የክንዱን አጥንቶች ድንጋዩን መደገፊያ አድርጎ ሰበራቸው፤ ሥጋውን በደነዘች የኪስ ቢላዋ ቆረጠ። ከዚያም በአንድ እጁ ወደ 20 ሜትር የሚጠጋ ገደል በገመድ ወርዶ፣ ለሽርሽር የመጡ የኔዘርላንድ ቤተሰብ እስኪያገኙት ድረስ በእግሩ ተጓዘ።

የተጨመረው? ከአደጋው በፊት በመንገድ ካገኛቸው ሁለት ሴቶች ጋር ወደ ሰማያዊ ውሃ የሚዘሉበት ትዕይንት። በእውነቱ እሱ ያሳያቸው ጥቂት የአለት አወጣጥ ዘዴ ብቻ ነው። ውሃው ራሱ ያለው ከካንየኑ በጣም ርቆ፣ በሰሜን ዩታ ሚድዌይ ከተማ ነው፤ ፍል ውሃ ነው። ዳይሬክተሩ ዳኒ ቦይል የታሪኩን መነሻ ለማስዋብ ይህን ማድረጉ ገባኝ፤ ያላሳመነኝ ብቸኛው ክፍልም እሱ ነው።

ከሁሉም የምወደው ግን ቦታው ሌላ ቦታ መስሎ አለመቅረቡን ነው። ብሉ ጆን ብሉ ጆን ነው። ዩታ ዩታ ናት። ፊልሙ ለስድስት ኦስካር ታጭቶ አንዱንም አላገኘም።

በእንደዚህ ዓይነት ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ካሜራ እንዴት ይገባል?

ብዙ ጊዜ አይገባም። ቦይል ከፊሉን በእውነተኛው ካንየን ከቀረጸ በኋላ፣ ተዋናዩ ጄምስ ፍራንኮ የሚሰቃይበትን አብዛኛውን ክፍል የሠራው የዚያኑ ስንጥቅ ልክ አስመስሎ ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ ባሠራው ስቱዲዮ ነው። ሁለት የካሜራ ባለሙያዎች ነበሩት፤ አንቶኒ ዶድ ማንትልና ኤንሪኬ ቼዲያክ እየተፈራረቁ ቀርጸዋል። እንዲህ ባለ ሥራ አንድ ዓይን ይታክታል።

ስቱዲዮ የማይተካው ነገር ብርሃኑ ነው። ጥልቅ በሆነ ስንጥቅ ውስጥ ፀሐይ በቀጥታ የምታርፈው ለአፍታ ብቻ ነው። በቀረው ሰዓት ብርሃኑ ከላይኛው ግድግዳ ወደ ታችኛው እየተላተመ ነው የሚወርድ፤ በተላተመ ቁጥርም ይቀላል። ለዚህ ነው ከታች ያለው ድንጋይ ከውስጡ የሚበራ የሚመስለው። በሰፊው ምድር ግን ቀትር የካሜራ ጠላት ነው። ጥላው ይጠፋል፣ አምባው ጠፍጣፋ ካርቶን ይመስላል። የጠዋቱና የማታው ሰዓት ነው ለሥራ የሚሆነው፤ መካከሉ ለምሳና ለጭቅጭቅ።

ሌላው ጉዳይ ደራሽ ጎርፍ ነው። በላይህ ያለው ሰማይ ጥርት ብሎ፣ ዝናቡ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ወርዶ፣ ውሃው በስንጥቁ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊመጣ ይችላል። በ1997 ነሐሴ ወር አንቴሎፕ ካንየን ውስጥ 11 ጎብኚዎች የሞቱት እንዲህ ነው። ዛሬ እዚያ ያለ ናቫሆ አስጎብኚ መግባት አይቻልም።

ይህ ምድር ምን ምን ሆኖ ተውኗል?

ስለ ቴክሳስ ተናግሬአለሁ። በ1968ቱ «ፕላኔት ኦፍ ዘ ኤፕስ» የጠፈር መንኮራኩሯ የምትወድቅበት የማይታወቅ ፕላኔት በፔጅ ከተማ አጠገብ ያለው ፓወል ሐይቅ ነው። በዚያው ዓመት በወጣው የስታንሊ ኩብሪክ «2001» ውስጥ ጠፈርተኛው በብርሃን ጎርፍ ውስጥ ሲያልፍ ከታች የሚታየው በቀለም የተገለበጠ መሬት ሞኑመንት ቫሊ ነው፤ አንዴ ካወቃችሁት ሁልጊዜ ታዩታላችሁ።

ጆርጅ ስቲቨንስ ደግሞ የክርስቶስን ሕይወት ለመቅረጽ ቅድስት አገርን ዞሮ ካየ በኋላ ዩታን መረጠ። ፊልሙ፣ «ዘ ግሬተስት ስቶሪ ኤቨር ቶልድ»፣ በ1965 ወጣ፤ ገሊላና ይሁዳ በቀይ ገደሎች ታጥረው ይታያሉ፣ በካውቦይ ፊልም የታወቀው ጆን ዌይን የሮማ መቶ አለቃ ሆኖ ይመጣል፤ ዝም ብላችሁ እለፉት። የፊልሙ ዋጋ ሳይታሰብ ሌላ ሆኗል። የግሌን ካንየን ግድብ በር በ1963 መጋቢት ተዘግቶ ያው ፓወል ሐይቅ መሙላት ሲጀምር ከቀረጻው ቦታዎች አንዳንዶቹ ተዋጡ። ሌላ አገር ሆኖ እንዲተውን የተጠራው ካንየን የመጨረሻ ምስሉ በዚያ ፊልም ውስጥ ቀረ።

አንድ ፊልም ሠራተኞቹን በካንሰር ጨረሰ የሚባለው እውነት ነው?

ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ያልተረጋገጠ ነው። ፊልሙ «ዘ ኮንከረር» ነው፤ ጆን ዌይንን ጀንጊስ ካን ያደረገ፣ በራሱም የሚያስቅ ፊልም። በ1954 ክረምት የተቀረጸው በሴንት ጆርጅ ከተማ አጠገብ፣ ስኖው ካንየን ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በኔቫዳ የሙከራ ቦታ 11 የኑክሌር ፍንዳታዎች ተካሂደው ነፋሱ ብናኙን ወደ ሴንት ጆርጅ ነድቶት ነበር። ሠራተኞቹ በዚያ አቧራ ውስጥ ሳምንታት ከረሙ፤ ቀለሙ እንዳይለይ ተብሎም 60 ቶን አፈር ወደ ሆሊውድ ስቱዲዮ ተጫነ።

በ1980 አንድ መጽሔት ባወጣው ቆጠራ ከ220 ሰዎች 91ዱ ካንሰር ይዟቸዋል፣ 46ቱ ሞተዋል። ዳይሬክተሩ ዲክ ፓወል በ1963፣ ተዋናይቷ ሱዛን ሄይዋርድ በ1975፣ ዌይን በ1979 ነው የሞቱት። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን በአሜሪካ በዕድሜው ዘመን ካንሰር የሚይዘው ሰው ከዚህ ብዙም አያንስም፤ ዌይንም በቀን ስንት ፓኬት ሲጋራ ያጨስ እንደነበር የታወቀ ነው። በአንድ ሰው ላይ ጣት ቀስሮ «ይህን ፍንዳታው ገደለው» ማለት አይቻልም።

እኔን የሚያሳዝነኝ የክርክሩ አቅጣጫ ነው። ተዋናዮቹ ለሳምንታት ነበር የመጡት፤ የሴንት ጆርጅ ሰዎችና በፊልሙ የሞንጎል ፈረሰኛ የሆኑት የፓዩት ተወላጆች ግን እዚያው ይኖሩ ነበር። በመጽሔቱ ቆጠራ ውስጥ ፓዩቶቹ የሉበትም። የአሜሪካ ምክር ቤት በነፋሱ መንገድ ለነበሩ የተወሰኑ ሕመምተኞች 50 ሺህ ዶላር ካሳ የሚሰጥ ሕግ ያወጣው በ1990 ነው።

ዛሬ እዚያ ሄጄ መቅረጽ እችላለሁ?

መሬቱ የማን እንደሆነ መጀመሪያ እወቁ፤ በአንድ ቀን ጉዞ የናቫሆን መሬት፣ ብሔራዊ ፓርክን፣ የዩታ ግዛት ፓርክንና የግል ግጦሽን ልታቋርጡ ትችላላችሁ፤ የእያንዳንዱ ፈቃድ ለየብቻ ነው። በብሔራዊ ፓርኮች በ2025 መጀመሪያ የጸደቀ ሕግ ለትናንሽ ቡድኖች የፈቃዱን ነገር አቅልሎታል። ድሮን ግን በብሔራዊ ፓርኮች ከ2014 ጀምሮ ክልክል ነው፤ ሞኑመንት ቫሊም አይፈቅድም። ሞአብ ከ1949 ጀምሮ የፊልም ሠሪዎች ጉዳይ የሚከታተል ጽሕፈት ቤት አላት፤ ጥያቄ ካላችሁ ከዚያ መጀመር ይቀላል።

ጊዜ የለኝም፤ ሦስት ፊልም ብቻ ምረጥልኝ።

«ዘ ሰርቸርስ»፣ «ቴልማ ኤንድ ሉዊስ»፣ «127 ሰዓታት»፤ በዚሁ ቅደም ተከተል። በመጀመሪያው ምድሩ በሌላ ስም ተጠርቷል፣ በሁለተኛው በጎረቤቱ ስም፣ በሦስተኛው በገዛ ስሙ። የመጀመሪያውን በስልክ አትዩት፤ ሰው በስክሪኑ ጥግ ላይ እንደ ነጥብ ሆኖ የሚታይበት ፊልም በስልክ ሲታይ ነጥቡም አይታይም።

ፎረስት ጋምፕ ሩጫውን ያቆመበት መንገድስ?

በዩታ፣ መንገድ ቁጥር 163 ላይ፣ ሜክሲካን ሃት ከምትባል ትንሽ መንደር ወደ ሞኑመንት ቫሊ በሚወስደው ቁልቁለት ነው፤ 13ኛውን ማይል የሚያመለክተውን ምሰሶ ፈልጉ። ፎቶ ለመነሳት መሐል አስፋልት ላይ የሚቆሙ ሰዎች አይጠፉም። መኪኖቹ ከበስተጀርባ ቁልቁል እየመጡ ነው፤ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ አንዱ ኋላችሁን ይጠብቅ።